በሮክ ሙዚቀኞች የተፈረሙ ዕቃዎችን መሰብሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የተፈረመ የሸክላ ሽፋን፣ ጊታር፣ ፖስተር፣ የኮንሰርት ፕሮግራም። የሮክ ወዳጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ልቡ ይደነግጣል። ሻጮችም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ከዚህ በታች ያሉት ጀማሪዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አንዳንዱን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የፎርጅዱን ነገር ግን ዘርዘር አድርጌዋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ምን ምን ነገር ያስፈርማል?

በብዛት የሸክላ ሽፋን። ሰፊ ነው፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ሲሰቀል ግድግዳ ይሞላል። ፎቶ፣ ፖስተር፣ የሲዲ ወረቀት፣ የድራም ዱላና የድራም ቆዳ ይከተላሉ። ጊታር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረመው ፒክጋርድ የሚባለው የፕላስቲክ መከለያ ላይ ነው። ይህ ፕላስቲክ በጥቂት ብሎን የታሰረ ስለሆነ ተፈትቶ ለብቻው ተፈርሞ ሊገጠም ይችላል። ስለዚህ የተፈረመ ጊታር ሁሉ ሙዚቀኛው የነካው ጊታር አይደለም። አርቲስቱ ያየው ፕላስቲኩን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጊታሩ ከተማሪ ጊታሮች ሁሉ ርካሹ ሆኖ ሳለ።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ግን ጊታር ተሸክሞ ለማስፈረም የሚሰለፍ ሰው እምብዛም አልነበረም። ያኔ ወጣቱ የአውቶግራፍ ደብተር በኪሱ ይዞ ነበር የሚዞረው። ደብተር ያልያዘው የቲኬቱን ጀርባ ወይም ቁራጭ ወረቀት ይዘረጋል። ይህን ያዙልኝ፤ ስለ ፎርጅድ ስናወራ ይጠቅመናል።

የአራቱን የቢትልስ አባላት ፊርማ ማግኘት ይቻላል?

ይቻላል፤ ገበያ ላይ አለ። ችግሩ የቢትልስ ፊርማ ተብሎ ከሚዞረው ውስጥ ብዙው የእነሱ እጅ አለመሆኑ ነው። ይህ ደግሞ ሁልጊዜ የአጭበርባሪ ሥራ አይደለም። ከ1963 ጀምሮ ፊርማ የሚጠይቀው ሰው ብዛት ከአቅማቸው በላይ ሆነ። አብረዋቸው የሚጓዙት ረዳቶቻቸው ኒል አስፒናልና ማል ኤቫንስ በእነሱ ስም ይፈርሙ ነበር። የአድናቂዎች ክበብ ጸሐፊዎችም እንዲሁ። አባላቱ ራሳቸውም አንዱ ለሌላው ይፈርማል፤ አንዱ ከክፍሉ ከወጣ ሌላው ስሙን ይጽፍለታል።

እስቲ አስቡት። ወረቀቱ የ1963 ነው። ቀለሙም የ1963 ነው። ባለቤቷ በልጅነቷ ከአዳራሹ ጓሮ በር ላይ ቆማ በእጇ የተቀበለችው ነው። የምትናገረው ሁሉ እውነት ነው። እጁ ግን የማል ኤቫንስ ነው፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ገባ፣ ፈረመ፣ መለሰላት። ሴትዮዋ አልዋሸችም። ያም ሆኖ ያላት የቢትልስ ፊርማ አይደለም። ማንኛውም ፊርማ ሲቀርብላችሁ ሦስት ነገር ለየብቻ ጠይቁ፦ የማን እጅ ነው? መቼ ተፈረመ? የት? ሁለቱ መልስ ስላገኙ ሦስተኛው አብሮ አይመለስም።

ጊዜው ዋጋውን ይወስናል። በ1963 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ተፈርሞ በብዛት ይገኛል፤ ያኔ በየከተማው ይዞሩ ስለነበር ሰው ያገኛቸው ነበር። ኦገስት 1966 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ካቀረቡት ኮንሰርት በኋላ ግን መዞር አቆሙ። ከዚያ ወዲያ አራቱን አንድ ላይ አግኝቶ ማስፈረም ብርቅ ሆነ። በ1967 የወጣው ሳጅን ፔፐር የተባለው አልበማቸው አራቱም የፈረሙበት አንድ ቅጂ በ2013 በሄሪቴጅ ጨረታ 290,500 ዶላር ያወጣው ለዚህ ነው።

አንድ ትንሽ ማጣሪያም አለች። ሪንጎ ስታር ቡድኑን የተቀላቀለው ኦገስት 1962 ነው፤ ከእሱ በፊት ከበሮ ላይ የነበረው ፒት ቤስት ነው። ከዚያ በፊት ተፈረመ በተባለ ወረቀት ላይ የሪንጎን ስም ካያችሁ ጥያቄ አንሱ።

ፎርጅድ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ፊርማውን ተዉትና ዕቃውን እዩ። ዕቃ መዋሸት አይችልም።

ጂሚ ሄንድሪክስና ጃኒስ ጆፕሊን በ1970፣ ጂም ሞሪሰን ደግሞ በ1971 ሞቱ። የሸክላ ሽፋን ላይ ባርኮድ መታየት የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ሄንድሪክስ የፈረመበት ሽፋን ጀርባው ላይ ባርኮድ ካለው ጉዳዩ እዚያው አለቀ፤ ፊርማው የቱንም ያህል ቢያምር። ሻርፒ የሚባለው ማርከር ገበያ ላይ የዋለው በ1964 ነው። በ1963 ሊቨርፑል ውስጥ በሻርፒ የተፈረመ ነገር የለም፤ ያኔ በብዛት የነበረው እስክሪፕቶና የቀለም ብዕር ነው። የአውቶግራፍ ደብተሩ ወሬም እዚህ ላይ ይመጣል፤ ድሮ ጊታር ተሸክሞ የሚሰለፍ ሰው እምብዛም አልነበረም ብለናል። በ1980 የሞተው የሌድ ዜፕሊኑ ጆን ቦናም አዲስ በሚያበራ ፒክጋርድ ላይ በወፍራም ማርከር ፈርሟል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ዕቃው ካለፈ ወደ እጁ እንሂድ። ታዋቂ ሰው ስሙን ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ፈርሟል። እጁ ሳያስብ ይሮጣል። መስመሩ አንዳንድ ቦታ ጠበቅ፣ አንዳንድ ቦታ ሳሳ ይላል፤ መጨረሻው ላይ ብዕሩ እየሮጠ ስለሚነሳ ጫፉ ይቀጥናል። አስመሳዩ ግን አይጽፍም፤ ይሥላል። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ይኖረዋል። ይንቀጠቀጣል። ብዕሩ መነሳት በሌለበት ቦታ ይነሳል፤ መነሻና መድረሻው ላይ የቀለም ነጥብ ይቀራል። ይህን ሁሉ በአንዲት ርካሽ አጉሊ መነጽር ማየት ይቻላል።

ጎበዝ አስመሳይ በፍጥነት መፈረም ይለማመዳል። እሱን የሚያጋልጠው ዘመኑ ነው። የሰው ፊርማ ይለወጣል። የቢትልሱ የጆን ሌነን የ1962 ፊርማ ከ1970ዎቹ ጋር አንድ አይደለም። ስለዚህ ስታወዳድሩ ከዚያው ዓመት ወይም ከዚያው ወቅት ከተገኘ፣ እውነተኛነቱ ከተረጋገጠ ፊርማ ጋር ይሁን። አንድ ማነጻጸሪያ አይበቃም፤ ብዙ እዩ። ብዙ ያየ ዓይን ሌላው ያላየውን ያያል።

የታተመ ፊርማም አለ። ለአድናቂዎች በገፍ የሚላኩ ፎቶዎች ላይ ፊርማው ከሥዕሉ ጋር አብሮ ይታተማል። ፎቶውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ እዩት። እውነተኛ ቀለም ከወረቀቱ ላይ ተለይቶ ይታያል። የታተመው ከሥዕሉ ጋር አንድ ነው፤ በመነጽር ሲታይም ጥቃቅን የኅትመት ነጥቦች ሊኖሩት ይችላሉ።

ሰርተፍኬት አለው። አይበቃም?

አይበቃም። ሰርተፍኬት ማንም ፕሪንተር ያለው ሰው የሚያወጣው ወረቀት ነው። ዋናው ጥያቄ ማን ሰጠው የሚለው ነው። ሻጩ ራሱ የሰጠው ሰርተፍኬት የሻጩ ቃል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የተፈረሙ የስፖርትና የመዝናኛ ዕቃዎች ነጋዴ ሰርተፍኬት እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል። ገዢው ካሳ ሲጠይቅ ይህ ይረዳዋል። ፊርማውን ግን እውነተኛ አያደርገውም።

በ1990ዎቹ ኤፍ.ቢ.አይ ከሳንዲዬጎ ቢሮው ተነስቶ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» የሚባል ትልቅ ምርመራ አካሂዶ ነበር። የተያዙት ሰዎች የስፖርተኛውንም የአርቲስቱንም ፊርማ እየሠሩ፣ ሰርተፍኬት እያያያዙ፣ በብዛት ይቸበችቡ ነበር። ከተያዘው ዕቃ መካከል ማዘር ቴሬዛ የፈረሙባቸው የተባሉ የቤዝቦል ኳሶች ይገኙበታል። ልብ በሉ፤ ይህንንም የገዛ ሰው ነበር።

ከሻጩ ነፃ የሆኑ ድርጅቶች አሉ። ፒ.ኤስ.ኤ፣ ጄ.ኤስ.ኤ እና ቤኬት በስፋት ይታወቃሉ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ ማየት ትችላላችሁ። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፣ ከዕቃው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ፤ ተለጣፊያቸውንም የሚያስመስሉ አሉ። እነሱም ቢሆኑ የሚሰጡት የባለሙያ አስተያየት ነው፤ ሲፈረም ቆመው ያዩት ጥቂቱን ነው። ለትልልቆቹ ስሞች በአንድ ቡድን ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ይሻላል። ለቢትልስ ለምሳሌ አሜሪካዊው ፍራንክ ካያዞ በዘርፉ ስሙ የታወቀ ነው። እኔ ብሆን ውድ ነገር ስገዛ ከአንድ ሰርተፍኬት ይልቅ እንዲህ ያለ ሰው የጻፈውን ደብዳቤ እመርጣለሁ።

ማሽን ይፈርማል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። አውቶፔን ይባላል። የተቀዳለትን ፊርማ በእውነተኛ ብዕር ደግሞ ደጋግሞ ይጽፋል። ቀለሙ እውነተኛ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያረፈው ጫናም አለ። የሌለው የሰው እጅ ብቻ ነው።

በጣም የታወቀው ጉዳይ የቦብ ዲላን ነው። በ2022 መጽሐፉ ሲወጣ በእጁ የፈረመባቸው የተባሉ 900 ቅጂዎች እያንዳንዳቸው በ599 ዶላር ተሸጡ። ከአሳታሚው የማረጋገጫ ደብዳቤ አብሮ ነበር። ገዢዎቹ ፎቶ ተለዋወጡ፤ ፊርማዎቹ እርስ በርስ ሲነጻጸሩ አንዱ በሌላው ላይ ልክክ አሉ። ማንም ሰው ስሙን ሁለት ጊዜ ፍጹም አንድ አድርጎ አይጽፍም። አሳታሚው ገንዘቡን መለሰ። ዲላንም ይቅርታ ጠየቀ፤ ከ2019 ጀምሮ የራስ ማዞር ሕመም እንደያዘው፣ በወረርሽኙ ጊዜ ለመፈረም የሚረዱትን ሰዎች መሰብሰብ እንዳልተቻለም ገለጸ።

ዕቃው የመጣው በቀጥታ ከአሳታሚው ነው። ሻጩ ትልቅና ታማኝ ነበር። ነገሩን የደረሱበት ፎቶ ያወዳደሩ ተራ ሰብሳቢዎች ናቸው። የገዛችሁትን ከሌሎች ገዢዎች ጋር ማወዳደር እንግዲህ እንዲህ ይጠቅማል።

ዋጋውን ምን ይወስነዋል?

የሰውየው ታዋቂነት ብቻ አይደለም። ሄንድሪክስን ውሰዱ። ሴፕቴምበር 1966 ለንደን ሲገባ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሴፕቴምበር 1970 እዚያው ለንደን ሞተ። ዓለም ፊርማውን የፈለገበት ጊዜ ቢበዛ አራት ዓመት ነው። ቡዲ ሆሊ በ1959 በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ገና 22 ዓመቱ ነበር። ዕድሜ አግኝቶ ለአምሳ ዓመት ሲፈርም የኖረ ሙዚቀኛ፣ የቱንም ያህል ቢወደድ፣ ፊርማው አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ነው።

ቡድን ከሆነ የሁሉም መሟላት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ክዊን ፍሬዲ መርኩሪን በ1991 አጣ። ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን ደግሞ በሕይወት ቢኖርም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከአደባባይ ርቋል። የሦስቱን አግኝቶ አራተኛውን ሲያሳድድ የሚኖር ሰብሳቢ ብዙ ነው።

በጎ አድራጎት ደግሞ የራሱ ዓለም አለው። በ2005 ዶሃ፣ ኳታር ውስጥ አንድ የፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር 2.7 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሚክ ጃገር፣ ኪት ሪቻርድስ፣ ኤሪክ ክላፕተን፣ ጂሚ ፔጅና ሌሎችም ፈርመውበታል። ገንዘቡ ለሱናሚ ተጎጂዎች ነበር። እነዚያው ፊርማዎች በተራ ጨረታ ላይ ቢቀርቡ ወደዚያ ዋጋ አይጠጉም። ሰው የከፈለው ለበጎ ሥራው ነው።

ታሪክም ዋጋ ያንራል፤ መጥፎ ታሪክም ጭምር። ዲሴምበር 8 ቀን 1980 ጆን ሌነን ኒውዮርክ ከሚኖርበት ሕንጻ ደጃፍ ላይ ለአንድ ወጣት አዲስ አልበሙን ፈረመለት። ያው ወጣት ከሰዓታት በኋላ እዚያው ደጃፍ ላይ ገደለው። ያ ሸክላ ከዚያ ወዲህ በብዙ ገንዘብ ተሸጧል። እኔ በነፃ ቢሰጡኝም ቤቴ አላስገባውም።

ስም ከተጻፈበት ዋጋው ይቀንሳል?

አዎ፣ አብዛኛውን ጊዜ። «ለአበበ» ተብሎ የተፈረመን ሸክላ የሚፈልገው አበበ ነው። በሌላ በኩል አስመሳዮች ረጅም ጽሑፍ ስለማይደፍሩ ስም ያለበት ፊርማ የበለጠ ያስተማምናል። ለመሸጥ ካላሰባችሁ ስማችሁን አስጽፉ። ፈረንጁ ስማችሁን አሳስቶ ቢጽፈው እንኳ የእናንተ ነው።

ራሴ ማስፈረም እችላለሁ?

ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። የማን እጅ፣ መቼ፣ የት የሚለው ሁሉ በዓይናችሁ ይመለሳል። ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ ዕድሉ አላችሁ፤ ሙዚቀኞች አልበም ሲያወጡ ሸክላ ቤቶች ውስጥ ይፈርማሉ፣ ከኮንሰርት በፊትና በኋላም በጓሮ በር በኩል ይወጣሉ።

ብዕሩን አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ለሚያብለጨልጭ ነጣ ያለ ሽፋን ጥቁር ወይም ሰማያዊ ማርከር ይሆናል። ለጥቁር ሽፋን የብር ቀለም ማርከር ያዙ፤ ቀድማችሁ ነቅንቁት፣ ሌላ ወረቀት ላይም ሞክሩት። ከፈረመ በኋላ ሳይደርቅ ፕላስቲክ ውስጥ አትክተቱ። ፎቶ አንሡ፣ ቲኬቱን አትጣሉ። አንድ ነገር አስፈርሙ እንጂ አሥር ሸክላ ይዛችሁ አትቅረቡ፤ ለንግድ እንደመጣችሁ ወዲያው ያውቃሉ።

ሁሉም አይፈርምም። ሪንጎ ስታር ከኦክቶበር 20 ቀን 2008 በኋላ በፖስታ የሚመጣ ምንም ነገር እንደማይፈርም በቪዲዮ አስታውቋል። ሌላው የቢትልስ አባል ፖል ማካርትኒም ፊርማ መጠየቅ እንግዳ ነገር እንደሚሆንበት ተናግሯል። ዛሬ «በፖስታ ልኬ ሪንጎ ፈርሞልኝ» የሚል ሻጭ ካያችሁ እንግዲህ ታውቃላችሁ።

ትንሽ ገንዘብ ነው ያለኝ። ከየት ልጀምር?

ከአርቲስቱ ከራሱ የኢንተርኔት ሱቅ። ብዙዎቹ አዲስ አልበም ሲያወጡ የተፈረመ ካርድ ያለበት ሲዲ ይሸጣሉ፤ ዋጋውም ከተራው ሲዲ ብዙ አይርቅም። የዲላንን ነገር አልረሳሁትም፤ ቢሆንም ከማይታወቅ ሻጭ በመቶ ዶላር «ሄንድሪክስ» ከመግዛት ይህ በስንት ጣዕሙ። በሕይወት ያለ፣ የምትወዱት፣ ገና ያልተወደደ ሙዚቀኛ ምረጡ። ዋጋው ይጨምራል ብላችሁ ግን አትግዙ። የ1950ዎቹን ኮከቦች የሚወድ ትውልድ እያለፈ ሲሄድ የብዙዎቹ ፊርማ ፈላጊ አጥቷል።

ከኢትዮጵያ ጋር የሚገናኝ የሮክ ዕቃ አለ?

አለ፤ ያውም ትልቅ። በ1977ቱ (በእኛ አቆጣጠር) ድርቅ ምክንያት ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ያዘጋጁት ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ጁላይ 13 ቀን 1985 በለንደኑ ዌምብሌይና በፊላደልፊያው ጄ.ኤፍ.ኬ ስታዲየም በአንድ ቀን ተካሄደ። የዕለቱ ፕሮግራምና ፖስተር ተፈርሞ በገበያ ይገኛል። ለእኛ ሰው ከዚህ የሚቀርብ የሮክ ማስታወሻ ያለ አይመስለኝም። ስሜቱ ግን የተደበላለቀ ነው፤ የእኛ ረሃብ ነበር መድረኩ።

እዚህም መጠየቅ ያስፈልጋል። ዴቪድ ቦዊ የተጫወተው ለንደን ነው፤ ሚክ ጃገር ፊላደልፊያ። በዚያ ቀን በሁለቱም መድረክ የተጫወተው ፊል ኮሊንስ ነው፤ በኮንኮርድ ውቅያኖስ ተሻግሮ። ስለዚህ «በዕለቱ ከመድረክ ጀርባ ተፈረመ» በተባለ አንድ ፕሮግራም ላይ ቦዊም ጃገርም ካሉ ታሪኩ አይሠራም።

ቦብ ማርሌ ሬጌ ነው እንጂ ሮክ አይደለም የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን በ1994 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በ1978 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ ሻሸመኔም ሄዷል። በ1981 በ36 ዓመቱ ስለሞተ ፊርማው እጅግ ውድ ነው፤ አስመሳዩም የዚያን ያህል ብዙ። ከራሳችን ሮክ ደግሞ ጃኖ ባንድ አለ፤ «ኤርታሌ» የተባለውን አልበማቸውን የያዘ ሰው አባላቱን ፈልጎ ቢያስፈርም ደግ ነው። የድሮ የአምሃ ሬከርድስ ሸክላ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ዘፋኙ በሕይወት እያለ አስፈርሙት።

እንዴት ላስቀምጠው?

ጠላቱ ብርሃን ነው። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቀለም ቶሎ ትበላለች። ከመስኮት ትይዩ አትስቀሉ። ፍሬም ካስገባችሁ አልትራቫዮሌት የሚከላከል መስታወትና አሲድ የሌለው ካርቶን ይሁን፤ መስታወቱ ፊርማውን አይንካው። ፕላስተርና ሙጫ አይነካካው። እኛ አገር የልደት ካርዱንም ዲግሪውንም ላሚኔት ማድረግ ይወደዳል፤ ለፊርማ ግን ሞቱ ነው፣ ተመልሶ አይወጣም። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ለእረፍት ስትሄዱ ኤሲው ሲጠፋ ክፍሉ ይታመቃል፤ ወረቀት በእርጥበት ይሻግታል። የተፈረመ ጊታር አይመታም፤ የክንድ ላብ ማርከር ያጠፋል።

መሸጥ ብፈልግስ?

ውድ ከሆነ በሙዚቃ ዕቃ ላይ ወደሚሠራ የጨረታ ድርጅት ውሰዱት። ገዢው ከመዶሻው ዋጋ፣ ማለትም ጨረታው ከቆመበት ዋጋ በላይ ብዙ ጊዜ 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ይከፍላል፤ ከእናንተም ኮሚሽን ይቆረጣል። ጋዜጣ ላይ የምታዩት ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የገዢውን ክፍያ የጨመረ ስለሆነ ያ ሁሉ ለሻጩ አይደርስም። ርካሽ ከሆነ ኢቤይ ላይ የተሸጡትን እንጂ ለሽያጭ የተለጠፉትን ዋጋ አትመልከቱ፤ መለጠፍማ ማንም የፈለገውን ይለጥፋል።